የሚተነፍሰው መቃብር

በእኛ ጊዜ ንግድ ማለት በቅሎ ነበር። መኪና አልፎ አልፎ ብቅ ቢል እንኳ ዝናብ የጣለ ቀን ጭቃው ይውጠዋል፣ እና ንግድ ማለት በቅሎ ነው፣ በቅሎና እግር። ሳቂ ሳቂ። አንቺ ደሴ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠሽ «ዘይቱ መንገድ ላይ ቢቀር ምን እናደርጋለን፣ ዱቄቱ ቢበላሽ ከየት እንተካለን» እያልሽ ደመወዝ ትበያለሽ። እኛም ያንኑ ነበር የምንሠራው፣ ስም አላወጣንለትም እንጂ። ቆይ፣ ያ ስልክሽ እየቀዳ ነው? ድምፄን ከፍ ላድርግ?

— አይ አክስቴ፣ እንደሚያወሩት ያውሩ። ይሰማል።

ይሁን። እንግዲህ አምስት ቤት ሆነን ሽርክና ገብተን ነበር፣ እዚሁ መካነ ሰላም። የሽርክናው አለቃ አያ ተሰማ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔ የገባሁት በባሌ ቦታ ነው። የልጆቼ አባት ጭነት ይዞ በአጅባር በኩል ሲሄድ አምባ መቅደላ ግርጌ ንዳድ ጣለው፣ እዚያው ሞተ፣ የማያውቁት ሰዎች ቀበሩት። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱ በቅሎዎቹ ብቻ ተመለሱ። እና እኔ ሁለት ልጅና ሁለት በቅሎ ይዤ ቀረሁ። ታዲያ አያ ተሰማ ዘንድ ሄጄ «የእሱን ቦታ እኔ ልያዝ» ስል አንዱ ሸሪክ ከት ብሎ ሳቀ። «ሴት ከነጋዴ ጋር?» አለ። አያ ተሰማ ዘወር ብለው አዩትና «በቅሎዎቿስ ሴት አይደሉ እንዴ? ይሸከሙ የለ?» አሉት። በዚሁ ገባሁ።

አያ ተሰማ ንግግር አያበዙም፣ ግን ሕግ ነበራቸው። «ጭነት በአንድ መንገድ አይሄድም» ይላሉ። ደሴ የሚወርድ እህል ካለ ግማሹን በአጅባር ግማሹን በአቀስታ። «አንዱን ሽፍታ ቢያገኘው አንዱ ይገባል።» እህልም በአንድ ጉድጓድ አይገባም፣ አንዱ ውሃ ቢገባው አንዱ ይተርፋል። እና ከሁሉ በላይ ዘር። ጥቁር ገብስ ነበረን፣ ውርጭ የማይጥለው፣ ገበሬው ሁሉ ከእኛ ነው ዘር የሚወስድ። እሱ ይዘራል፣ ሲያጭድ ለእኛ ይሸጣል፣ እኛ ደሴ እናደርሳለን፣ ጨውና ጋዝ ይዘን እንመለሳለን። አንድ ገመድ ነው፣ ገባሽ? ዘሩ ከጠፋ ገበሬ የለም፣ ገበሬ ከሌለ በቅሎዬ ምን ትጫን? እና አያ ተሰማ «ልጅህ ፊትህ ቢያለቅስም ዘር አይበላም» ይላሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ደፍረሽ አታዪውም።

ታዲያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። የወሎ ረሀብ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አልነግርሽም። ወደ ደሴ የሚሄደው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፣ እና ሄዶ ሄዶ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ አይነሳም። በዚያ ላይ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፣ አብዮት ነው ተባለ፣ ወሬ በየቀኑ ይለዋወጣል። «እህል ያከማቸ ይወረስበታል» ይላል አንዱ። «ኧረ ይታሰራል» ይላል አንዱ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል፣ ወሬ ነው። አያ ተሰማ ግን ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ዱሮም ዝምተኛ ናቸው፣ አሁንስ ጭራሽ አፋቸውን ሰፉት።

አንድ ቀን ወደ ማታ በቅሏቸውን እየሳቡ ብቻቸውን መጡ። እጃቸው አፈር፣ ልብሳቸው አፈር። «ምነው አያ?» አልናቸው። «አንድ መንገደኛ አብሮኝ ሲሄድ ሞተብኝ። ከዳገቱ ወገብ፣ ከወይራው ሥር ቀበርኩት።» «ማን ነው? የየት አገር ሰው ነው?» «ስሙን እንኳ አልነገረኝም። እንግዳ ነው» አሉ። በቃ። በዚያ ጊዜ ይህን ማን ይጠራጠራል? ሰው እንደ ቅጠል ነበር የሚረግፈው።

መንገድ ዳር ሰው ከተቀበረ ልማዱን ታውቂዋለሽ። ያለፈ ሁሉ ድንጋይ አንስቶ ይጥልለታል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ያልፋል። እና ያ መቃብር በየቀኑ አደገ። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እጥልለት ነበር። ባሌን የሰው አገር ሰው ቀብሮልኝ የለ? ታዲያ እኔም ለዚህ የሰው አገር ሰው ድንጋይ ልጣልለት፣ ብድር በምድር ነው አልኩ። ገበያ ስሄድ ድንጋይ፣ ስመለስ ድንጋይ። ቁጭ ብዬም አለቅስ ነበር። የባሌን ስም እየጠራሁ በእንግዳው ላይ አለቅሳለሁ፣ ይቀለኛል። ማንም አልሳቀብኝም።

ከዚያ አያ ተሰማን ተስቦ ያዛቸው። ትኩሳቱ ምላሳቸውን አሰረው። እኔና አያ እድሪስ አጠገባቸው ነበርን፣ አያ እድሪስ ሌላው ሸሪካችን ነው፣ እስላም ነው፣ ከአያ ተሰማ ጋር ከልጅነት እስከ እውቀት አብሮ የነገደ። አያ ተሰማ እጁን ያዙትና ሊናገሩ ታገሉ፣ ታገሉ፣ እና አንድ ነገር ብቻ ወጣቸው። «እንግዳውን» አሉ። «እንግዳውን አትርሱት።» «አንረሳውም፣ አብሽር ወንድሜ» አላቸው እድሪስ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንዲህ፣ አይደለም አይደለም እንደሚል ሰው። እና በዚያው አረፉ።

እኛ ምን እናድርግ? የሟች አደራ ነው። «መቼም ደግ ሰው፣ ሲሞት እንኳ ለእንግዳው አሰበ» ተባለ። ታዲያ ሸሪኮች ተሰብስበን፣ ከቤታችን የቀረችውን የመጨረሻ እህል አዋጥተን፣ አስፈጭተን፣ ለእንግዳው ተዝካር አወጣን። አባ ወልዴ፣ የደብራችን ቄስ፣ መቃብሩ ድረስ ወርደው ፍትሐት ፈቱለት። እድሪስ እንኳ ከዳር ቆሞ ዱዓ አደረገ። ልጆቼ የዚያን ቀን ዳቦ በሉ። ከዚያ በኋላ ዳቦ አላዩም።

— ተዝካሩን ለእንግዳው አወጣችሁ? ለአያ ተሰማስ?

ለእሳቸው የሚሆን አልተረፈማ። ቆይ አታቋርጪኝ።

ከዚያ ዘሩን ፈለግን። ጉድጓዶቹን እናውቃቸዋለን፣ ሦስት ናቸው፣ ከፈትናቸው፣ ባዶ። አንዱም ባዶ፣ ሌላውም ባዶ። «እድሪስ፣ ዘሩ የት ነው?» «ወላሂ ለኔም አልነገረኝ።» ታዲያ ያ በእኔ የሳቀው ሸሪክ «ሽጦታል» አለ። «ተሰማ ዘራችንን ሽጦ ነው የሞተው።» እድሪስ ብድግ አለ፣ በትሩን ጨበጠ፣ ከዚያ ተቀመጠ። እውነትም ዘሩ የለም። እኔም በልቤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሸጠውት ይሆን አልኩ።

ታዲያ ልክ ዘር ስናጣ የበልግ ዝናብ ጣለ። ስንት ጊዜ የለመንነው ዝናብ። መሬቱ ረጥቦ ሲሸት እናቶች ያለቅሳሉ፣ የሚዘራ የለማ። ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅሽም፣ ካለፈ አለፈ ነው። እና የቀረነው ተማከርን፣ ወደ ደሴ እንሂድ፣ መጠለያ አለ ይባላል። በቅሎዎቹን እንሽጥ። እኔ ሁለት ልጅ ይዤ ያንን መንገድ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ። አንዱን ልጅ እቀብራለሁ ብዬ ነበር፣ የትኛውን እያልኩ አስብ ነበር። እናት እንዲህ አሰበች ብለሽ እንዳትፈርጂብኝ።

አሁን የሚያስፈራው መጣ።

መጀመሪያ በቅሎዋ ናት። የአያ ተሰማ በቅሎ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ዳገት ስታልፍ መቃብሩ ዘንድ ትቆማለች። ብትጎትቺያት አትሄድ፣ ብትመቺያት አትሄድ። ጎኗን ለመቃብሩ ሰጥታ ትቆማለች፣ ጭነት እንደሚራገፍላት። «ጌታዋን እያየችው ነው» አለ ሰው። ከዚያ ወዲያ በእሷ ማንም አይሄድም።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ጧት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። «መቃብሩ ይተነፍሳል» አለች። እኛ ራቡ ነው፣ ራብ ያሳያል አልን። ግን በማግስቱ ሌላውም አየ። ከድንጋዩ መሀል ነጭ ትንፋሽ ይወጣል፣ ብርድ ሲሆን ካፍሽ እንደሚወጣው፣ ልክ እንደዚያ። ታዲያ ወሬው ዞረ። «ያ ሰው አልሞተም ነበር። ተሰማ ከነነፍሱ ነው የቀበረው፣ ያለውን ወስዶበት። ለዚህ ነው ሲሞት እንግዳውን እንግዳውን ያለው።» እይው እንግዲህ፣ ትናንት ደግ ሰው ሲሉ የነበሩት። ሚስታቸው ከቤት መውጣት ተወች።

እኔ ልንሄድ በተነሳንበት ቀን ጧት እንግዳውን ልሰናበተው ወረድኩ። ብቻዬን። ፈርቼ ነበር? ፈርቼ ነበር እንጂ። ግን ሁሉም ሸሽቶት እኔም ብሸሸው የኔንም ባል እዚያ ማዶ ሰው ሸሸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ድንጋይ አነሳሁና ቀረብኩ፣ እና እውነትም ይተነፍሳል። ሴትዮዋ አልዋሸችም። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። እጄን በድንጋዩ መሀል ሰደድኩት። ይሞቃል። እንደ ሰው ብብት ይሞቃል። እዚያው እንዳለሁ አንድ ድንጋይ በራሱ ቀጭ አለና ተንከባለለ። ማንም አልነካውም፣ ማርያምን። መሬት ተቀመጥኩ። «ወንድሜ፣ ካልሞትክ ተናገር» አልኩት።

አልተናገረም። ግን ሸተተኝ። ስቀመጥ አፍንጫዬ ቀረበ፣ እና የሸተተኝ ሬሳ አይደለም። የሬሳ ሽታ በዚያ ዓመት ያላወቀ የለም። የሸተተኝ ብቅል ነው። ጠላ ሊጠመቅ ሲል ብቅሉ ተሸፍኖ ሲሞቅ እንደሚሸተው። ከዚያ አየሁ፣ በድንጋዮቹ መሀል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል፣ ሣር መስሎኝ ነበር። አንዱን ይዤ ቀስ አድርጌ ሳብኩት፣ ከነሥሩ መጣ። ሥሩ ላይ የፍሬው ገለባ አለ። ጥቁር። ጥቁር ገብስ።

ታዲያ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ሳቅኩ። ብቻዬን መቃብር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር አበደች ነው የሚለው። እዚህ መቃብር ውስጥ ማንም የለም። ያን ሁሉ ቀን «ነፍስ ይማር» ያልኩት፣ የባሌን ስም የጠራሁለት፣ ለካ ለገብስ ነው ያለቀስኩት። ተናደድኩ። ወላዲተ አምላክ ታውቃለች፣ አያ ተሰማ ቆመው ቢሆን ጢማቸውን እነጨው ነበር።

ሮጥኩ ወደ አባ ወልዴ። «አባ፣ መቃብሩ ይከፈት።» «ልጄ፣ መቃብር አይከፈትም፣ የሞተ አይታወክም።» ቡቃያውን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። «አባ፣ ሰው ገብስ ያበቅላል?» «ሰው አፈር ነው፣ አፈር ያበቅላል» አሉ። «አፈርስ የሚያበቅለው የዘሩበትን አይደለም?» አልኳቸው። ገለባውን በጥፍራቸው ገለበጡት፣ ደጋግመው አዩት። ከዚያ «እኔ ፍትሐት የፈታሁበት ነው» አሉ። «ሰው ካለበት ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። እህል ብቻ ከሆነ ግን ሥላሴ ስቀውብናል።» እድሪስን ጠራነው። እሱ ቡቃያውን አገላብጦ አየው። «ሱብሃነላህ» አለ። «ጭነት በየመንገዱ እንከፍላለን፣ እህል በየጉድጓዱ እንከፍላለን፣ ምስጢሩን ግን በአንድ ሰው ራስ ላይ ጭኖ ሄደ።»

ቀትር ላይ ነው የከፈትነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ከሩቅ ቆሟል። ድንጋዩን ስናነሳ ስናነሳ፣ እኔ የጣልኳቸውን እንኳ አውቃቸዋለሁ፣ ከሥር ጠፍጣፋ ክዳን ድንጋይ ወጣ፣ ዙሪያው በእበት ተለስኗል፣ ከአንድ ወገን ግን ዝናቡ ሰንጥቆታል። ውሃው በዚያ ገብቷል፣ እህሉ ረጥቦ ሞቆ አብጦ ድንጋዩን እየገፋው ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ያ ትንፋሽ ፊታችንን መታን፣ ሙቅ። አንዱ ወጣት ዘሎ ሊገባ ሲል እድሪስ በበትሩ ደረቱን አገደው። «ይተንፍስ መጀመሪያ» አለ። ችቦ ለኩሶ በገመድ አወረደው። ታዲያ ችቦው ወርዶ ወርዶ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ ድርግም። አንድ ሰው አፍኖ እንዳጠፋው። ሕዝቡ ጮኸ፣ የሮጠውም ሮጠ። «የት ትሄዳላችሁ? የእህል ጉድጓድ አታውቁም? ይኸ የታፈነው አየር ነው ነፍስ የሚወስደው» እያለ እድሪስ ይጣራል፣ ማን ይስማው። እኛ ግን ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቆይተን ችቦ ብናወርድ ጠፋ፣ ቆይተን ብናወርድ ጠፋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያወረድነው ችቦ ነደደ፣ ነደደ፣ ሥር ድረስ አበራ።

ሰው የለም። አጥንት የለም። ከላይ የነበረው በቅሏል ሻግቷል፣ ከሥሩ ግን ጭድ አለ፣ ከጭዱ ሥር ደረቅ ጥቁር ገብስ፣ በእፍኝሽ ስታነሺው የሚንሸራተት። በቅሎዋም ለካ የምትቆመው ሌሊት ሌሊት ዘሩን ያመላለሰችበት ቦታ ሆኖባት ነው። ሦስት ጧት ብንዘገይ ሙቀቱ ወደ ታች ወርዶ ሁሉንም ይበላው ነበር አለ እድሪስ። አባ ወልዴ መስቀላቸውን አነሱና «ነፍስ ይማር» አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። አያ ተሰማን «ሽጦታል» ብሎ ያማው ሸሪክ ደግሞ ሚስታቸው ቤት ሄዶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ዘራን፣ እስኪያፈራም ያልሻገተውን ብቅል አድርቀን እየቆጠብን በላን። ዘሩ ለእኛም፣ ለጎረቤቱም፣ በወግዲ መንገድ ላሉት ገበሬዎችም ደረሰ። ደሴ አልሄድንም። ልጆቼ ሁለቱም አሉ፣ አንዱ ያንቺ ዘመድ ወርቁ ነው፣ ያ ሰሞኑን የተጣላሽው።

— ወርቁን ነው? እኔ አልተጣላሁትም አክስቴ። ግን ለምን ነው አያ ተሰማ ለእድሪስ እንኳ ያልነገሩት?

ፍርሃት ነዋ፣ ይወረሳል የተባለው ወሬ። ሁለት ሰው ካወቀ ይወጣል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ይወጣል። አንድ ሰው ብቻ ካወቀ ደግሞ አብሮ ይቀበራል። ምን ዓይነት ብልህ ሰው ናቸው፣ ሁሉን ሲያከፋፍሉ ኖረው ራሳቸው እንደሚሞቱ ሳያስቡት ቀሩ። የእናንተስ ድርጅት፣ ያ አለቃችሁ አንድ ቀን ቢሞት ቁልፉ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?

— የኮምፒውተሩን ቁልፍ ነው የሚሉኝ? እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እሰይ። ተዝካሩን አውጡለት እንግዲህ።

መቃብሩን መልሰን ካብነው። እህል እንጂ ሰው እንዳልነበረበት አገር ሁሉ አወቀ፣ ግን ድንጋይ መጣሉን አልተዉም። እኔም አልተውኩም። አንድ ጊዜ የባሌን ስም ጠርቼበታለሁ፣ ለእኔ እሱ እዚያ ነው። ዘሩን ግን ሌላ ቦታ አዞርነው፣ እና ሦስት ሰው እንዲያውቀው ተማማልን። አባ ወልዴ፣ እድሪስና እኔ። በየዓመቱ አሮጌውን እናወጣለን፣ አዲሱን እናገባለን። ሽርክናው ከፈረሰ በኋላም፣ በቅሎ ቀርቶ መኪና ከመጣም በኋላ፣ አልተውነውም። ጥቂት ነው፣ ግን ያው ጥቁር ገብስ ነው፣ አሁን ማንም ዘንድ የለም።

አባ ወልዴ ቀደም ብለው አረፉ። እድሪስን ደግሞ አምና ሸኘነው፣ አላህ ይዘንለት። እኔም ትናንት ደጃፍ ላይ ወድቄ ነበር፣ ለወርቁ እንዳትነግሪው። ማታ ተኝቼ ሳስበው ሳቄ መጣ፣ አያ ተሰማን ስሰድብ ኖሬ እኔም ቦታውን ብቻዬን ይዤው ቀረሁ።

ሂጂ ወርቁን ጥሪው፣ በሩን ዝጉና ቅረቡ። ሁለታችሁም ስሙ። ከዚያ በፊት ግን ያን ስልክሽን አጥፊው።